ሙጫ ብቻ አይደሉም፦ ስለ ስታፍ ባክቴሪያ የገጽ ፕሮቲኖች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ በአጭሩ ስታፍ፣ ስለተባለው ባክቴሪያ በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤአለሁ። ብጉንጅን፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል ማመርቀዝን፣ የአጥንትና የደም ኢንፌክሽንን የሚያመጣውን ይህን ባክቴሪያ ለአጠቃላይ አንባቢ ለማስተዋወቅ መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው። በቋንቋችን ስለ ተዋህስያን በዝርዝር የሚጽፍ ሰው ጥቂት በመሆኑም እንዲህ ያለውን ጥረት በነቀፋ ብቻ መቀበል አልፈልግም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች አንዳንዶቹ የተሳሳቱ፣ አንደኛው ደግሞ አንባቢን ለጉዳት የሚዳርግ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የጽሑፉ መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ስታፍ የሚጎዳው በሚያመነጨው መርዝ ነው፤ መርዙንም ወደ ሰውነት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ያፈሰዋል፤ በገጹ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ባክቴሪያውን ከማጣበቅ ያለፈ ሚና የላቸውም፤ ባክቴሪያው በአፍንጫው የተገኘበት ሰው ሁሉ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መውሰድ አለበት፤ ባክቴሪያው መድኃኒትን የሚቋቋመው በገጽ ፕሮቲኖቹ ነው፤ ላቦራቶሪ በስላይድ ላይ የሚያየው ኮአጉሌዝን፣ ማለትም ባክቴሪያው ደምን ለማርጋት የሚለቀውን ፕሮቲን፣ ነው፤ ክትባት ያልተገኘውም ኩባንያዎች የሙከራ ውጤታቸውን ስለሸሸጉ ነው።

በመጀመሪያ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትን ላስቀድም። ስታፍ መርዝ አመንጪ መሆኑ አያከራክርም። ሳይቀዘቅዝ በቆየ ምግብ ውስጥ ተራብቶ የሚተወው መርዝ ምግቡ እንደገና ቢሞቅ እንኳ በቀላሉ ስለማይጠፋ፣ ባክቴሪያው ሞቶም መርዙ ብቻውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል። የሕፃናትን ቆዳ የፈላ ውኃ እንደነካው የሚልጠው ሕመምም የመርዝ ሥራ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በአሜሪካ ፈሳሽ የመምጠጥ አቅማቸው ከፍተኛ ከሆነ ታምፖኖች ጋር ተያይዞ ብዙ ሴቶችን ያጠቃው የመርዝ ሾክም እንዲሁ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ ጸሐፊው ከእነዚህ ሕመሞች ተነሥተው በስታፍ በሽታ ሁሉ ላይ መደምደማቸው ነው። ሰውን ለሳምንታት ሆስፒታል የሚያስተኛውና ለሞት የሚያደርሰው ስታፍ በአብዛኛው ወደ ደም የገባ፣ በልብ ቫልቭ ላይ የሰፈረ፣ ወይም በአጥንትና በመገጣጠሚያ ውስጥ መግል የቋጠረ ነው። እዚያ ለመድረስም ሆነ ደርሶ ለመቆየት መርዝ ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ከሁሉ የጠራውን ማስረጃ የሰጡት ኦላፍ ሽኒዊንድና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1999 እና በ2000 ያሳተሟቸው ጥናቶች ናቸው። የስታፍ የገጽ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ውስጥ ተሠርተው ሲወጡ በጅራታቸው አጠገብ አንድ የጋራ ምልክት ይይዛሉ። ምልክቱ በተርታ የተደረደሩ አምስት አሚኖ አሲዶች ሲሆን፣ እነርሱም ሉሲን፣ ፕሮሊን፣ ከማንኛውም ዓይነት አንድ፣ ከዚያም ትሪዮኒንና ግላይሲን ናቸው። ሶርቴዝ ኤ የተባለው ኢንዛይም ምልክቱን ለይቶ በትሪዮኒንና በግላይሲን መካከል ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውንም ጫፍ የሕዋስ ግድግዳ ከሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ጋር ያያይዘዋል። እስከ 24 የሚደርሱ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች በዚህ በአንድ መርፌ ይሰፋሉ ማለት ነው። እንግዲህ ተመራማሪዎቹ መርፌውን ነጠቁት፤ የሶርቴዝን ዘረመል አጥፍተው ባክቴሪያውን አሳደጉት። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ምግብ ላይ እንደ ወትሮው ተራባ፤ መርዙን የሚያወጣበት መንገድም ሶርቴዝን የሚጠይቅ አይደለም። ወደ አይጦች ሲገባ ግን ኢንፌክሽን የመመሥረትና በኩላሊት ውስጥ መግል የመቋጠር አቅሙ ክፉኛ ተዳክሞ ተገኘ። መርዙ እያለ፣ ገጹ ብቻ ስለተራቆተ ማለት ነው። የጸሐፊው መደምደሚያ ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ሊታይ ባልተገባው ነበር።

የማጣበቂያው ንጽጽር ራሱ ሊመረመር ይገባዋል፤ ጸሐፊው ከሁሉ አብልጠው የደጋገሙት ይህንኑ ስለሆነ። ሙጫ ማንኛውንም ነገር ከማንኛውም ነገር ጋር ያያይዛል፤ የስታፍ ፕሮቲኖች ግን እያንዳንዳቸው የሚይዙትን የሰውነት ክፍል መርጠው ነው የሚይዙት፤ የያዙትንም ለተለያየ ሥራ ያውሉታል። ፕሮቲን ኤ የተባለውን እንውሰድ። ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ክንዶችና አንድ እጀታ ያለው ሹካ ነው ብንል፣ በደንቡ መሠረት በክንዶቹ ባክቴሪያውን ይይዝና እጀታውን ወደ ውጭ ይተዋል፤ ነጭ የደም ሕዋስም በእጀታው በኩል ጠላቱን አውቆ ይውጠዋል። ፕሮቲን ኤ ግን ሹካውን በእጀታው ይይዘዋል። ፀረ እንግዳ አካሉ ተገልብጦ ክንዶቹ ወደ ባዶ ይዘረጋሉ፤ ነጩ ሕዋስም የሚጨብጠው እጀታ ያጣል። አንዱ የፕሮቲን ኤ ሰንሰለት ለዚህ የሚያገለግሉ አምስት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። በዚህም ላይ የተወሰነ ወገን የሆኑትን ፀረ እንግዳ አካል አምራች ሕዋሳት በቀጥታ እየነካ ያለ አግባብ ያነሣሣቸዋል፤ ሰውነቱ ለጠላቱ የሚመጥን መልስ እንዲያዘጋጅ ዕድል ይነፍገዋል። ይህ ማጣበቅ ነው ከተባለ፣ የዘበኛን እጅ የፊጥኝ ማሰርም ማጣበቅ ሊባል ነው። (በነገራችን ላይ ፀረ እንግዳ አካላትን እንደ መድኃኒት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለማጣራት የሚጠቀሙት ይህንኑ ፕሮቲን ነው፤ እጀታውን የሚይዝበት አኳኋን ያን ያህል የታመነ ነው።)

የመያዝን ሥራ በትክክል የሚሠሩትም ቢሆኑ ተራ ሙጫ አይደሉም። ክላምፒንግ ፋክተር ኤ ደም ለማርጋት የሚያገለግለውን ፋይብሪኖጅንን ይይዛል። የፋይብሪኖጅን ጅራት በፕሮቲኑ ሁለት ክፍሎች መካከል ወዳለ ስንጥቅ ይገባል፤ ከዚያ የፕሮቲኑ አንድ ጫፍ ተጣጥፎ በላዩ እንደ መቀርቀሪያ ይዘጋበታል። ግንኙነቱ በደም ጎርፍ ሲጎተት መላላት ሲገባው ይጠነክራል። ስታፍ ሌሎች ባክቴሪያዎች ታጥበው በሚሄዱበት የልብ ቫልቭ ላይ እንዴት እንደሚቆይ ለመረዳት ይህ ባሕርይ ብዙ ያግዛል። በፋይብሪኖጅን የተሸፈነ ባክቴሪያ ደግሞ የገዛ ራሳችንን ልብስ ስለለበሰ ነጭ የደም ሕዋሳት በቀላሉ አይውጡትም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ፣ ካቴተር (ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ወይም የአጥንት ብረት ከሰውነት ጋር እንደተገናኘ ወዲያው በእነዚህ በደም ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ስለሚሸፈን ለስታፍ የተነጠፈ ምንጣፍ ይሆንለታል። በ1957 በፈቃደኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በቆዳ ውስጥ መግል ለማስቋጠር ሚሊዮኖች የስታፍ ሕዋሳት ያስፈለጉ ሲሆን የቀዶ ሕክምና ክር በቆዳው ውስጥ ሲኖር ግን መቶዎች በቅተዋል።

ፋይብሮኔክቲን የተባለውን፣ በደምና በሕዋሳት ዙሪያ የሚገኘውን የሰውነት ፕሮቲን የሚይዙት ሁለቱ ፕሮቲኖች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። ፋይብሮኔክቲንን እንደ ድልድይ ተጠቅመው በሰው ሕዋስ ላይ ያለውን ኢንቴግሪን የተባለ ተቀባይ ይነካሉ፤ ሕዋሱም ባክቴሪያውን ራሱ ጎትቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በሕዋስ ውስጥ የተሸሸገ ባክቴሪያ ከፀረ እንግዳ አካላትም ከብዙ መድኃኒቶችም ይከለላል። ኢስድ በሚል የቤተሰብ ስም የሚጠሩት ደግሞ ዋና ሥራቸው ማጣበቅ አይደለም፤ እነርሱ በዋናነት ለምግብ የተሰለፉ ናቸው። ባክቴሪያ ያለ ብረት ማዕድን አይራባም፤ ሰውነታችንም ብረቱን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ከኢስድ ቤተሰብ አንዱ ኢስድ ቢ ሄሞግሎቢንን ይይዛል፤ በውስጡ ያለውም ብረት አዘል ሄም ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበለ ወደ ሕዋሱ ይገባል። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ ሥርዓት የሰውን ሄሞግሎቢን ከአይጥ ሄሞግሎቢን ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ይህን ከክትባቱ ጋር በተያያዘ እመለስበታለሁ።

ስታፍ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ ያፈሳል የሚለው ነጥብም ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ባክቴሪያው ገና በቁጥር ጥቂት ሳለ በብዛት የሚያመርተው የገጽ ፕሮቲኖቹን ነው፤ መያዝ፣ መሸሸግና መመገብ ይቀድማሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ አንዲት ትንሽ የምልክት ሞለኪውል ወደ ውጭ ይለቃል። ሕዋሳቱ በዝተው የምልክቱ መጠን ከፍ ሲል አግር የተባለው ሥርዓት ይነቃል። ያን ጊዜ የፕሮቲን ኤ ምርት ይታፈናል፤ የመርዞቹ ምርት ይጨምራል። ይህን መቀያየሪያ የሚያዘው ፕሮቲን አለመሆኑን፣ አር ኤን ኤ ሶስት የተባለ የአር ኤን ኤ ሞለኪውል መሆኑን ሪቻርድ ኖቪክና ባልደረቦቻቸው በ1993 አሳይተዋል። ለጸሐፊው መከራከሪያ ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። ሕክምና እየተሰጠ ለብዙ ቀናት ከደም አልጠፋ ካለ ኢንፌክሽን ከሚገኙ ስታፎች መካከል አግር የተበላሸባቸው፣ ማለትም መርዝ የማምረት ኃይላቸው የቀነሰ፣ በርካታ ናቸው። መርዙ ቀንሶ በሽታው አልለቅ ካለ፣ በሽታው ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይቻልም። ይህን ስል መርዞቹን ለማቃለል አይደለም፤ አልፋ የተባለው መርዝ የሕዋሳትን ሽፋን ይበሳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚገድሉም አሉ፤ መግሉ ውስጥ የምናየው የሞተ ሕዋስ የእነርሱም እጅ አለበት። ነገር ግን ሁለቱ በየተራ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን ለብቻው ተጠያቂ ማድረግ የበሽታውን ግማሽ መሰወር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ስለ አፍንጫ የተጻፈው ነው። ከሰው ልጆች ሲሶ የሚሆኑት በአንድ ወቅት ላይ ስታፍን በአፍንጫቸው ይዘው ይገኛሉ፤ ሳይታመሙ። ባክቴሪያው እዚያ የሚሰፍረው በዋናነት ክላምፒንግ ፋክተር ቢ በተባለው የገጽ ፕሮቲን አማካይነት ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን በአፍንጫ ቀዳዳ መግቢያ ላይ በሚረግፉት የቆዳ ሕዋሳት ውስጥ ያሉትን ሎሪክሪንና ኬራቲን 10 የተባሉ ፕሮቲኖች ይይዛል። በ2008 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ይህ ፕሮቲን የጎደለውን ስታፍ በፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ ሲያስቀምጡት ሙሉ ከሆነው ፈጥኖ ጠፍቷል። ተሸካሚነት ምንም ትርጉም የለውም እያልኩ አይደለም። በ2001 በጀርመን የተሠራ ጥናት በደም ኢንፌክሽን ከተያዙ ሕሙማን ውስጥ በ82 በመቶዎቹ ደም ውስጥ የተገኘው ስታፍ ከገዛ አፍንጫቸው ከተገኘው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የአፍንጫው ስታፍ የሚያሳስብበት ጊዜና ሰው አለ፤ ለምሳሌ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2010 የታተመው ሙከራ ያተኮረው በእነዚህ ላይ ነበር። ሆስፒታል የገቡ ተሸካሚዎች ለአምስት ቀን ሙፒሮሲን የተባለ የአፍንጫ ቅባትና ክሎርሄክሲዲን ያለበት የገላ ሳሙና ሲሰጣቸው በሆስፒታል የሚይዛቸው የስታፍ ኢንፌክሽን ከ7.7 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወርዷል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምሻው፣ የተሰጠው ቅባትና ሳሙና መሆኑን፣ የተሰጠውም ለተመረጡ ሕሙማን መሆኑን ነው። ጸሐፊው ግን ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲወስድ መከሩ። እንዲህ ያለው መድኃኒት በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያወድማል፤ መድኃኒት የለመዱትን እየመረጠ ያራባል፤ ስታፉም ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይሰፍራል።

የገጽ ፕሮቲኖች መድኃኒትን መቋቋም ያመጣሉ የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው ባክቴሪያው የሚያመነጨው ኢንዛይም ነው። ሜቲሲሊንን የሚቋቋመው ስታፍ ደግሞ በ1961 በእንግሊዝ ሲገኝ ከጀርባው የነበረው ሜክ ኤ የተባለ ዘረመል የሚያሠራው፣ መድኃኒቱ የማይዘው የግድግዳ ገንቢ ኢንዛይም ነው። ሁለቱም በሶርቴዝ ከሚሰፉት ፕሮቲኖች ወገን አይደሉም። ጸሐፊውን ምናልባት ያሳሳታቸው ባዮፊልም፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ተሰባስበው የሚሠሩት ሽፋን፣ ሳይሆን አይቀርም። ፋይብሮኔክቲን ያዦቹና ሳስ ጂ የተባለው፣ ዚንክ ሲያገኝ እርስ በርሱ የሚያያዘው ፕሮቲን፣ ባክቴሪያዎቹ ተደራርበው በካቴተር ላይ ሽፋን እንዲሠሩ ያግዛሉ፤ በሽፋኑ ውስጥ ያሉትም መድኃኒትን ይታገሣሉ። ይህ ግን በዘረመል ከሚወረሰው መቋቋም የተለየ ነው፤ ከሽፋኑ የወጣው ሕዋስ ለዚያው መድኃኒት ይሸነፋል።

ስለ ላቦራቶሪው ምርመራ ጸሐፊው ሁለት ነገሮችን ቀላቅለዋል፤ ስሕተቱ የቆየ ስለሆነም ብዙ አልፈርድባቸውም። የሚታየው ነገር ቀድሞ ከሕዋሱ ጋር የታሰረ ኮአጉሌዝ ይባል ነበርና። በስላይድ ላይ ባክቴሪያው ከፕላዝማ ጋር ሲቀላቀል በሰከንዶች ውስጥ የሚጓጉለው በገጹ ላይ ያለው ክላምፒንግ ፋክተር ፋይብሪኖጅንን ስለሚይዝ ነው፤ ደም ረግቶ አይደለም። ኮአጉሌዝ ግን ወደ ውጭ የሚለቀቅ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮትሮምቢን አነቃቅቶ ፕላዝማውን በእርግጥ ያረጋዋል፤ እርሱ የሚታየው በቱቦ ምርመራ፣ በሰዓታት ቆይታ ነው። በአገራችንም ሁለቱም ምርመራዎች የተለመዱ በመሆናቸው ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንዳንድ ኦሬየስ በስላይድ ሳይጓጉል ይቀራል፤ በአንጻሩ ሉግዱነንሲስ የተባለው የስታፍ ዝርያ በቱቦ ሳያረጋ በስላይድ ሊጓጉል ይችላል። በስላይድ ብቻ የሚወስን ባለሙያ በሁለቱም በኩል ሊሳሳት ይችላል።

የመጨረሻው የክትባቱ ነገር ነው። ኩባንያዎች ውጤታቸውን ሸሸጉ የሚለው ክስ ከእውነታው ጋር አይገጥምም፤ ውድቀቶቹ በሕክምና መጽሔቶች በቁጥር ጭምር ታትመዋልና። መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በኢስድ ቢ ላይ የሠራው ክትባት ከ2007 እስከ 2011 የደረት ቀዶ ሕክምና በሚጠብቃቸው 8,000 ያህል ሰዎች ላይ ተሞክሮ የቆመ ሲሆን፣ በ2013 የታተመው ውጤት ለኩባንያው የሚያኮራ አልነበረም። ክትባቱ አልተከላከለም፤ ከዚህም የከፋው፣ ከተከተቡት መካከል በስታፍ የተያዙት ካልተከተቡት ታማሚዎች በበለጠ ሞተዋል። ሊሸሽግ የሚፈልግ ሰው ይህን አያትምም። ፋይዘር ክላምፒንግ ፋክተር ኤን፣ ሌላ አንድ ፕሮቲንንና ከባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን (ካፕሱል) የተወሰዱ ሁለት ስኳሮችን አጣምሮ የሠራው ክትባትም ብዙ ፀረ እንግዳ አካል ቢያስገኝም የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ ጥቅም ስላላሳየ በ2018 መጨረሻ ተቋርጧል። ክላምፒንግ ፋክተር ኤንና የሌላ ስታፍ ዝርያ ተመሳሳይ ፕሮቲንን ለመያዝ የተመረጡ ፀረ እንግዳ አካላትም 2,000 ለሚያህሉ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ተሰጥተው በ2006 ሳይሳካ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊነሡበት ይችሉ የነበረ፣ ከሴራው ወሬ ይልቅ የሚያጓጓ ጥያቄ ነበር፦ የገጽ ፕሮቲኖቹ ይህን ያህል ወሳኝ ከሆኑ በእነርሱ ላይ የተሠራ ክትባት ስለምን ከሸፈ? አንደኛው ምክንያት መደራረባቸው ነው። ፋይብሪኖጅንን የሚይዘው አንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ክላምፒንግ ፋክተሮችም፣ ፋይብሮኔክቲን ያዦቹም ይይዙታል፤ አንዱን ብንዘጋ ሌላው ይተካዋል። ሁለተኛው፣ በአይጥ የተገኘ ውጤት ወደ ሰው በቀጥታ አይሻገርም፤ ከላይ እንዳልኩት ኢስድ ቢ ራሱ የሰውን ሄሞግሎቢን ይመርጣል። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ አሳማኙ ደግሞ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከስታፍ ጋር መኖሩ ነው። ክትባት ሲሰጠው ሰውነቱ አዲስ መልስ ከማዘጋጀት ይልቅ ቀድሞ የለመደውን፣ ያልጠቀመውን መልስ ይደግማል፤ በ2022 የታተመ የአይጥ ጥናት ቀድሞ በስታፍ የተያዙ አይጦች በኢስድ ቢ ክትባት እንደማይጠበቁ፣ ስታፍ ነክቷቸው የማያውቁት ግን እንደሚጠበቁ አሳይቷል። በዚህ ላይ የተመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ሁሉ በእጀታው ለመያዝ የተዘጋጀው ፕሮቲን ኤ አለ። በአልፋ መርዝ ላይ ብቻ የተነጣጠረ ፀረ እንግዳ አካልም ቢሆን በጽኑ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ የሳምባ ምችን በበቂ ሁኔታ ለመከላከሉ ማስረጃ አልተገኘም፤ ጸሐፊው እንዳሰቡት መርዙ ብቻ ቢሆን ጥፋተኛው፣ ይህ ሙከራ ከሁሉ ቀድሞ በተሳካ ነበር።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ለማረም ፈቃደኛ ከሆኑ የመርዙንና የገጹን ነገር በረጋ መንፈስ ልንከራከርበት እንችላለን፤ እርሱ ይቆየን። በአፍንጫው ስታፍ የተገኘበት ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይዋጥ የሚለውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያነሡት እጠይቃለሁ፤ ያነበበው ሰው ሐኪም ሳያማክር በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ሊሄድ ይችላልና።